ኦክስጅን የሚገድላቸው የጉድጓድ ውኃ አጽጂዎች

የዛሬው የሳይንስ ዝግጅታችን ወደ ከርሰ ምድር ይወርዳል። ከመሬት በታች ያለ ውኃ በፋብሪካ ኬሚካል ሲመረዝ ባክቴሪያ እንዴት እንደሚያጸዳው እንነግራችኋለን። ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ውኃ ተበከለ ሲባል አብዛኞቻችን ወደ አእምሯችን የሚመጣው ተቅማጥና አሜባ ነው። ለዚያ መላ አለው፤ ውኃው ይፈላል፣ ውኃ አጋር ጠብ ይደረግበታል። የዛሬው ብክለት ግን በዚህ መላ አይመለስም። የማሽን ግራሶ የሚያስለቅቁ፣ ላውንደሪ ቤት ሱፍና ካፖርት ያለ ውኃ የሚያጥቡ ፈሳሾች አሉ። ክሎሪን ያላቸው አሟሚዎች ይባላሉ፤ አብረዋቸው የሚውሉት ሰዎች ሶልቬንት ነው የሚሏቸው። «ክሎሪን ካላቸውማ ውኃ ያጸዳሉ እንጂ እንዴት ይበክላሉ?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ያገኘውን ሁሉ አጥቅቶ ቶሎ የሚያልቅ ነው። ሶልቬንት ውስጥ ያለው ክሎሪን ግን ከካርቦን ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ስለሆነ በቀላሉ አይላቀቅም፤ ከመሬት በታች ለአሥርት ዓመታት ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል። ውኃውን ማፍላትም ቢሆን መርዙን በእንፋሎት መልክ ወደ ማድቤቱ አየር ይለቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ ትራይክሎሮኤቲሊን እና ቴትራክሎሮኤቲሊን። በሬዲዮ እነዚህን ስሞች እየደጋገምን እንዳናደክማችሁ መላ አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው በአንዱ ሞለኪውል ላይ ሦስት ክሎሪን፣ ሁለተኛው አራት ክሎሪን አለው። ስለዚህ «ባለ ሦስት» እና «ባለ አራት» እያልን እንጠራቸዋለን። ባለ አራቱ በላውንደሪ ሙያ ፐርክ የሚባለው ነው። ባለ ሦስቱ ደግሞ የአውሮፕላን ክፍሎች፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችና የብረት መገጣጠሚያዎች ከቅባት የሚጸዱበት ነበር።

በዘመናቸው የተወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅባትን ወዲያው ያሟሟሉ፣ ቶሎ ይተናሉ፣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ እሳት አያነሡም። ባለ ሦስቱ ሐኪም ቤት ገብቶ ለማደንዘዣነት አገልግሏል፤ ምጥ የያዛቸው እናቶች ሳይቀሩ ስበውታል። ለቡና ወዳድ አድማጮቻችን ደግሞ ይህን እንንገራችሁ፦ አሜሪካ ውስጥ ካፌይን የወጣለት ቡና እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ካፌይኑ የሚወጣለት በዚሁ ፈሳሽ ነበር። ዛሬ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጠባቸው ነገሮች ተርታ መድቦታል። ሰው እስኪያውቅ ድረስ ያልጠጣው ነገር የለም ያሰኛል።

ወደ መሬቱ እንመለስ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ፈሶ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሲደርስ ከላይ ይንሳፈፋል። እነዚህ ግን ከውኃ ይከብዳሉ፤ ባለ ሦስቱ ከውኃ 1.46 ጊዜ፣ ባለ አራቱ 1.6 ጊዜ ገደማ። ስለዚህ ውኃውን ሰንጥቀው ይሰምጣሉ፤ ሸክላ አፈር ወይም ጥብቅ አለት እስኪያግዳቸው ድረስ ይወርዳሉ። እዚያም ተኝተው በዝግታ ወደሚያልፈው ውኃ ይሟሟሉ። የሚሟሙት በጥቂቱ ነው። ችግሩ ግን ጥቂቱም መብዛቱ ነው። የአሜሪካ የመጠጥ ውኃ ደንብ ለሁለቱም የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሊትር ውኃ 5 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሊትር ባለ ሦስት 1.46 ኪሎ ይመዝናል። ይህንን ለ5 ማይክሮግራም ብናካፍለው አንድ ሊትር ሶልቬንት ወደ 290 ሚሊዮን ሊትር ውኃ እስከ ጣሪያው ድረስ ሊበክል ይችላል ማለት ነው። አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ከጀሪካን የፈሰሰ ትርፍራፊ መንደር ሊያስቸግር የሚችለው በዚህ ስሌት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት ዎበርን በምትባል ከተማ «ጂ» እና «ኤች» የተባሉ ሁለት የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች ነበሩ። በግንቦት 1979 ሲመረመሩ ከአንደኛው በሊትር 267 ማይክሮግራም ባለ ሦስት ተገኘ፤ ጉድጓዶቹም ተዘጉ። በዚያች ከተማ የደም ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ቁጥር ከሚጠበቀው በላይ ስለነበር ወላጆች ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ታሪኩ መጽሐፍ፣ ከዚያም ጆን ትራቮልታ የተወነበት ፊልም ሆነ። በኖርዝ ካሮላይና የሚገኘው ካምፕ ሌጁን የተባለው የባሕር ኃይል እግረኞች ሰፈርም አለ። እዚያ ከ1953 እስከ 1987 ድረስ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው የተበከለ ውኃ ጠጥተዋል፤ ለብክለቱ የተጋለጡት እስከ አንድ ሚሊዮን ሰው እንደሚደርሱ ይገመታል። ከሰፈሩ ጉድጓዶች አንዱን ክፍል የበከለው ከአጥሩ ውጭ የነበረ አንድ የላውንደሪ ቤት ነው። አንድ ላውንደሪ፣ ያውም ትንሽ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ አካባቢም፣ ዛሬ የኮምፒውተር ቴክኖሎጂ መናኸሪያ ብትሆንም፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከቺፕ ፋብሪካዎች ከመሬት በታች ከተቀበሩ ታንከሮች ያፈተለከ ሶልቬንት የከርሰ ምድር ውኃዋን በክሎ ተገኝቷል። ጽዳቱ አርባ ዓመት አልፎትም አልተጠናቀቀም።

ለምን አልተጠናቀቀም? መጀመሪያ የታሰበው መላ ቀላል ነበር። ውኃውን በፓምፕ ማውጣት፣ ላይ አጣርቶ መርዙን መለየት፣ መርዙ እስኪያልቅ ድረስ ማውጣት። ገንዘብም ጊዜም ፈሰሰበት። በ1994 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በዚህ ዘዴ የሚጸዱ 77 ቦታዎችን ገምግሞ ዕቅዳቸውን መቱ የተባሉት 8ቱ ብቻ እንደሆኑ ዘገበ። ምክንያቱ ከሸክላው ነው። ሶልቬንቱ በዓመታት ውስጥ ሸክላውና አለቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ወጥ የጠጣ እንጀራ መልሶ ወጡን እንደማይተፋ ሁሉ ሸክላውም በፓምፕ ስለተሳበ ብቻ የጠጣውን አይለቅም። ፓምፑ ሲሠራ ውኃው የጸዳ ይመስላል፤ ሲቆም መርዙ ከሸክላው እየሾለከ ይመለሳል። መሐንዲሶቹ ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ነው ዓይናቸውን ወደ ባክቴሪያዎች ያዞሩት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የተቀላቀላችሁን አድማጮች፣ የምናወራው የከርሰ ምድር ውኃን ስለሚበክሉ የፋብሪካና የላውንደሪ ፈሳሾች ነው። አሁን ወደ አጽጂዎቹ ደርሰናል።

ብዙ ጊዜ «መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች» ሲባል እንሰማለን። እነዚህ ግን መርዙን የሚጠቀሙት ለመተንፈስ ነው፤ ይህንን ካልያዝን ቀጣዩ ሁሉ አይገባንም። እስቲ መተንፈስ ምን እንደሆነ እናስታውስ። ከምንበላው ምግብ ኤሌክትሮኖች ይለቀማሉ፤ በመጨረሻ ኦክስጅን ይረከባቸዋል። ጉልበት የምናገኘው በዚህ ርክክብ ነው። ኦክስጅን ከጠፋ ተረካቢ ጠፋ ማለት ነው፤ ሰው ይሞታል። ከመሬት በታች ግን ኦክስጅን የማያውቁ ፍጥረታት ሞልተዋል፤ ኤሌክትሮናቸውን ለናይትሬት፣ ለዝገት፣ ለሰልፌት እያስረከቡ ይኖራሉ። ሳይንቲስቶችን ያስደነቃቸው ከእነዚህ መካከል ክሎሪን ላለው ሶልቬንት የሚያስረክቡ መገኘታቸው ነው። ባክቴሪያው ኤሌክትሮን ሲያስረክብ ከሶልቬንቱ ላይ አንድ ክሎሪን ይላቀቃል፤ በቦታው ሃይድሮጅን ይገባል። ባለ አራቱ ባለ ሦስት ይሆናል፤ ባለ ሦስቱ ባለ ሁለት፤ ባለ ሁለቱ ባለ አንድ። በመጨረሻ ክሎሪን አልባው ኤቲሊን ይቀራል። ኤቲሊን ሙዝና ማንጎ ሲበስሉ ራሳቸው የሚያወጡት ጋዝ ነው፤ በዚህ መጠን የሚጎዳው የለም።

ግኝቱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በ1985 ፔሪ ማካርቲ የተባሉት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከተማሪያቸው ጋር ሆነው ባለ አራቱ ኦክስጅን በሌለበት ክሎሪኑን አንድ በአንድ እየጣለ እስከ ባለ አንዱ እንደሚወርድ አሳዩ። በ1989 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ጎሴት ከባልደረባቸው ጋር የመጨረሻውን ደረጃ፣ ኤቲሊንን፣ አገኙ። ሥራውን ማን እንደሚሠራው ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1997 ያው የኮርኔል ቡድን ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው። የተገኘውም ኢታካ በተባለችው የዩኒቨርሲቲዋ ከተማ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ዝቃጭ ውስጥ ነው። ትልቅ ተስፋ የተጣለበት ፍጥረት የኖረው ከሽንት ቤት ፍሳሽ መካከል ነበር ማለት ነው። በ2013 መደበኛ የሳይንስ ስሙን አገኘ፤ ዲሃሎኮኮይዲስ ማካርቲ፤ ለማካርቲ ክብር። በዛሬው ዝግጅት ዲሃሎ እያልን እናሳጥረዋለን።

ዲሃሎ እንግዳ ፍጥረት ነው። ስፋቱ የሚሊሜትር አንድ ሁለት ሺኛ ገደማ የሆነ፣ እንደ ዲስክ ጠፍጣፋ ነው። የዘር መረጃው 1.47 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነው፤ አንጀታችን ውስጥ ከሚኖረው ኢ ኮላይ ጋር ሲነጻጸር ሲሶ ያህል ነው። ጉልበት የሚሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሃይድሮጅን። የሚተነፍሰውም አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ክሎሪንና መሰሎቹን የተሸከሙ ውህዶች። ሌላ ቢሰጡት አይችልበትም። ኦክስጅን ይገድለዋል። ቫይታሚን ቢ 12ን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከጎረቤት ባክቴሪያዎች ያገኛል። «ታዲያ ሶልቬንት ፋብሪካ ከመቆሙ በፊት በምን ይኖር ነበር?» ለሚል፣ ተፈጥሮም ክሎሪን ያላቸው ውህዶችን ትሠራለች፤ ፈንገሶችንና የባሕር አልጌዎችን የመሳሰሉ ፍጥረታት በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ያመነጫሉ። ዲሃሎ የቆየ ሙያውን ነው ወደ እኛ ቆሻሻ ያመጣው።

አሁን የዝግጅታችን ዋና ነጥብ ላይ ደረስን፤ ሬዲዮናችሁን ከፍ አድርጉት። ከባለ አራት ወደ ባለ ሁለት ማውረድ ብዙ ባክቴሪያዎች የሚችሉት ሥራ ነው። ከባለ ሁለት በኋላ ያለውን መንገድ እስከ ኤቲሊን የሚሄዱት ግን ዲሃሎና ጥቂት የቅርብ ዘመዶቹ ብቻ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ሥራው መሐል ላይ ይቆማል። የሚያስፈራው ደግሞ ባለ አንዱ ነው። ቪኒል ክሎራይድ ይባላል፤ የፕላስቲክ ቧንቧ የሚሠራበት ጋዝ ነው። በ1974 አሜሪካ ውስጥ ኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል በሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ የሚሠሩ ሠራተኞች በጣም ብርቅ በሆነ የጉበት ካንሰር መሞታቸው ሲታወቅ ጉዱ ወጣ። በመጠጥ ውኃ ውስጥ የተፈቀደው ጣሪያም ከባለ አራቱና ከባለ ሦስቱ ያንሳል፤ በሊትር 2 ማይክሮግራም። ስለዚህ ሥራው ባለ አንዱ ላይ ከቆመ ውኃው ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ ማለት ነው። የካምፕ ሌጁን ውኃ ውስጥም ማንም ያላፈሰሰው ቪኒል ክሎራይድ ተገኝቷል፤ መሬት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሥራውን ጀምረው ሳይጨርሱት ነው የመጣው። በዚህ ዝግጅት አዘጋጅ አስተያየት ስለ ባክቴሪያ ጽዳት የሚነገሩ የደስታ ዜናዎች አብዛኞቹ ይህንን ክፍል አለዝበው ያልፉታል። «ባለ ሦስቱ 99 በመቶ ጠፋ» ይላሉ። ይጥፋ፤ ግን ወደ ምን ተለውጦ ጠፋ?

ይህንን ጥያቄ ጥርት አድርጎ የመለሰው በዴላዌር ግዛት ዶቨር የአየር ኃይል ሰፈር የተደረገው ሙከራ ነው። የተጀመረው በ1996 ነው። ከመሬት በታች ያለውን ባለ ሦስት የሚያወርዱ ባክቴሪያዎች እዚያው ይኖራሉ በሚል ግምት፣ ከወተት አሲድ የሚሠራ ላክቴት የተባለ ምግብ ወደ ጉድጓዶቹ ይጨመር ጀመር። ባለ ሦስቱ ወረደ፤ ባለ ሁለት ሆነ። እዚያ ላይ ቆመ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ መንፈቅ አለፈ፣ ንቅንቅ አላለም። ቪኒል ክሎራይድም ኤቲሊንም አልታየም። በ269ኛው ቀን ከፍሎሪዳ፣ ላርጎ ከምትባል ከተማ አቅራቢያ ከነበረ ሌላ የተበከለ ቦታ የተባዛ ዲሃሎ ያለበት የባክቴሪያ ስብስብ ጨመሩበት። መጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየም። ከ90 ቀን ገደማ በኋላ ግን ቪኒል ክሎራይድና ኤቲሊን ብቅ አሉ፤ በ509ኛው ቀን ባለ ሦስቱም ባለ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ወደ ኤቲሊን ተለውጠው ነበር። መሬቱ ያው፣ ምግቡ ያው ነው፤ የተለወጠው አዲስ የመጡት ነዋሪዎች ናቸው።

ቀጥሎ ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ አጠገብ በኬሊ የአየር ኃይል ሰፈር ተመሳሳይ ሙከራ ተደረገ፤ በካናዳ ኦንታሪዮ ከተበከለ መሬት የተገኘ፣ ኬቢ-1 የሚባል ስብስብ 13 ሊትር ብቻ ተጨምሮ በ200 ቀናት ውስጥ ባለ አራቱን ወደ ኤቲሊን አወረደው። በ2002 ደግሞ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ ባሉ 24 የተበከሉ ቦታዎች ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን አጸናው። ሥራው እስከ ኤቲሊን በደረሰባቸው 21 ቦታዎች ሁሉ የዲሃሎ ዘረመል ተገኘ፤ ባለ ሁለቱ ላይ በቆመባቸው ሦስት ቦታዎች አልተገኘም። በዓመቱ ከሚሺጋን ግዛት ኦስኮዳ የተለየ፣ በቪኒል ክሎራይድ ላይ በደንብ የሚያድግ የዲሃሎ ዘር ታወቀ። የኮርኔሉ የመጀመሪያው ዘር ያንን የመጨረሻውን እርምጃ የሚሠራው በጣም እየተጎተተ ነበርና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዲሃሎ ሁሉ አንድ አይደለም ማለት ነው፤ ቪኒል ክሎራይድን የሚያወርደውን ኢንዛይም የሚሠራ ዘረመል ያለው መሆኑን በላቦራቶሪ ማረጋገጥ ዛሬ የተለመደ አሠራር ሆኗል።

መስክ ላይ እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ የመሬቱን ባክቴሪያዎች መቀለብ ነው። በውኃ ውስጥ እንዲበተን የተደረገ የአኩሪ አተር ዘይት፣ የስኳር ሞላሰስ፣ ላክቴት፣ የአይብ አጓት ሳይቀር በቀጫጭን ጉድጓዶች ወደ መሬት ይገፋል። እዚያ ያሉት ተራ ባክቴሪያዎች ይህንን ሲያብላሉት ሁለት ነገር ይሆናል፤ ያለችውን ኦክስጅን አሟጠው ይጨርሳሉ፤ ለዲሃሎ ቀለብ የሚሆነውን ሃይድሮጅን ያመነጫሉ። ቤቱ ከተዘጋጀ በኋላ ነው ዲሃሎ የሚገባው። የሚጓጓዘውም አየር በማያስገባ የብረት በርሜል ነው፤ ወደ መሬት ሲገፋ በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ጋዝ ነው የሚገፋው። ተራው አየር ከነካው ሥራው ሳይጀመር አለቀ።

ቀለቡን ማብዛትም ጣጣ አለው። ሃይድሮጅን ሲትረፈረፍ ሚቴን የሚያመነጩ ተሕዋስያን ይቀራመቱታል፤ ቀለቡ ይባክናል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ይጠራቀማል። በሌላ በኩል እያንዳንዱ ክሎሪን ሲላቀቅ አሲድ ይፈጠራል። ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ ዲሃሎ ሥራ ያቆማል፤ ስለዚህ ዳቦ ቤት የሚታወቀው ቤኪንግ ሶዳ አብሮ የሚጨመርበት ጊዜ አለ። ኦክስጅን የጠፋበት ውኃ ብረትና ማንጋኒዝን፣ አንዳንዴም አርሴኒክን ከአለቱ ፈልቅቆ ስለሚያሟሟ ከጽዳቱ ቦታ አጠገብ ያለ ውኃ ለጊዜው ለመጠጥ አይሆንም። ሸክላው ውስጥ የተደበቀው ሶልቬንት ደግሞ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ቀለቡም በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሊታደስ ይገባዋል። ከፓምፑ ይረክሳል፤ ርካሽ ነው ማለት ግን አይደለም።

ኦክስጅን ባለበትም የሚሠራ ሌላ መንገድ መኖሩን በአጭሩ እንጥቀስ። ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎች ሚቴኑን ለመስበር የሚያመነጩት ኢንዛይም ባለ ሦስቱንም በአጋጣሚ ይሰብረዋል። ማካርቲና ባልደረቦቻቸው በ1998 ባወጡት ጥናት በካሊፎርኒያው ኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር ለሌሎች ባክቴሪያዎች ቶሉዊን መግበው ባለ ሦስቱን አብዛኛውን አጥፍተዋል። ቶሉዊን ራሱ በካይ ነውና በመርዝ መርዝን ማጽዳት ነው፤ ድፍረት ይጠይቃል። ባለ አራቱ ላይ ግን ይህ መንገድ አይሠራም።

አሁን ወደ ራሳችን። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውኃ ብዙው የከርሰ ምድር ነው፤ የአቃቂ የጉድጓድ መስክ ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ፋብሪካዎች ከሚበዙበት አካባቢ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። አለቱ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ስንጥቅ የበዛበት ባዛልት። ይህንን የምናነሣው ዛሬ ስለ ባክቴሪያዎች ከተናገርነው ጋር ስለሚያያዝ ነው። ዶቨርም ሆነ ኬሊ ላይ ውኃው የሚያልፈው በአሸዋና በጠጠር መካከል ነው፤ የተገፋው ዘይትና ባክቴሪያ የት እንደሚደርስ መተንበይ ይቻላል። በስንጥቅ አለት ውስጥ ግን ውኃው በፈለገው ስንጥቅ ሾልኮ ይሄዳል፤ ቀለቡ አንድ ቦታ፣ መርዙ ሌላ ቦታ ሊቀር ይችላል። በዚያ ዓይነት መሬት ውስጥ የሚሠሩ ጽዳቶች አብዛኛውን ጊዜ ረጅምና ውድ ናቸው። እንደኛ ያለ መሬት ያለው ሰው ሶልቬንት ከፈሰሰ በኋላ በባክቴሪያ ላይ ባይመካ ይመረጣል።

አሜሪካውያኑም የተማሩት ከፍለው ነው። በዲሴምበር 2024 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ባለ ሦስቱን ለማንኛውም አገልግሎት የሚከለክል፣ ባለ አራቱን ደግሞ ከላውንደሪ ቤቶች በአሥር ዓመት ውስጥ የሚያስወጣ ደንብ አውጥቷል።

እንግዲህ ላውንደሪ ቤት፣ ጋራዥ ወይም የብረታ ብረት ሥራ ያላችሁ አድማጮቻችን፣ የምንለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ያለቀ ሶልቬንት፣ ከላውንደሪ ማሽኑ የወጣ ዝቃጭ፣ ያገለገለ ማጣሪያ፣ የተነከረ ጨርቅ ወደ አፈር፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ አትድፉ። በሚዘጋ የብረት ዕቃ አስቀምጡት፤ ከሥሩ የሚይዝ ሳህን አድርጉበት፤ ከጉድጓድ አርቁት። በግቢያችሁ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ የምትጠጡ ደግሞ፣ በተለይ ላውንደሪ፣ ጋራዥ ወይም ፋብሪካ አጠገባችሁ ካለ፣ ውኃችሁን ስታስመረምሩ ከጀርሙና ከፍሎራይዱ ሌላ የተናኝ ኦርጋኒክ ውህዶች ምርመራ እንዲጨመርላችሁ ጠይቁ። በአሜሪካው ደንብ ጣሪያ መጠን ሶልቬንት በማሽተትም በመቅመስም አይታወቅም፤ ውጤቱ ሲመጣም ባለ ሦስቱንና ባለ አራቱን ብቻ አይታችሁ ወረቀቱን አትጣሉት፤ ቪኒል ክሎራይድ የሚለውን መስመር ፈልጋችሁ አንብቡ።